ስልኩ "ሦስት" አለ፣ ሰሌዳው ግን ተዘግቷል

ነገሩ የተጀመረው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ቡና የሚፈላበት አንድ በረንዳ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ቼዝ እንጫወታለን። ሰሌዳና ሰዓት የማመጣው እኔ ነኝ፤ ልጆቹንም የማሠለጥነው እኔው ነኝ።

የዚያን ቀን አንድ የ13 ዓመት ልጅ ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር ገጠመ። ልጁ ጥቁሩን ይዟል። መሀል ላይ ቢሾፕ ሰጥቶ በዋጋ የሚበልጠውን ሩክ ወሰደ። አንድ ወታደርም ትርፍ አለው። ተቆጥሮ ሲታይ በደንብ ይበልጣል። ወታደሮቹ ግን እርስ በርስ ተቆላልፈዋል። ክፍት የቀረው በሰሌዳው ዳር ያለው የኤች መስመር ብቻ ነው። በዚያ በኩል ሩኩ ሊገባባቸው የሚችሉትን ካሬዎች የነጩ ቢሾፕና ንጉሥ ተካፍለው ይጠብቃሉ። ልጁ ብዙ ሞከረ። ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ። በመጨረሻ እጁን ዘረጋና "እኩል?" አለ። ተማሪው እፎይ ብሎ ጨበጠው።

ታላቅ ወንድሙ ከኋላ ቆሞ ሲያይ ነበር። ስልኩን አውጥቶ አቋሙን፣ ማለትም እንጨቶቹ የቆሙበትን ሁኔታ፣ የቼዝ ፕሮግራም ውስጥ አስገባና ለሁላችንም አሳየን። "ጋሼ፣ ይዩት እስቲ! ሁለት ነጥብ ዘጠኝ! ሦስት ማለት እኮ ነው። ያሸነፈውን ጨዋታ ነው በነፃ የሰጠው።" ልጁ ቃል አልተነፈሰም። ጃኬቱን ይዞ ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም።

ይሄ ነገር ከነከነኝ። እኔ ጨዋታው እኩል ነው ብዬ አምናለሁ። ስልኩ ደግሞ አይደለም ይላል። አንድ ልጅ በትክክል ላሰበው ነገር ተወቅሶ ከሆነ ዝም ማለት አልችልም። ተሳስቶ ከሆነም በደንብ ላስረዳው ይገባል።

ተማሪው በማግስቱ ያንኑ አቋም ላፕቶፑ ላይ ሞከረው። ላፕቶፑ ዜሮ ነጥብ ስድስት አለ። አንዱ ሦስት ገደማ፣ ሌላው ግማሽ ገደማ። ሁለቱም የሚጠቀሙት አንድ ፕሮግራም ነው፤ ስቶክፊሽ። ልዩነቱ የስልኩ ለዓመታት ያልታደሰ ስቶክፊሽ 11 መሆኑ ነው፤ የላፕቶፑ 16ኛው እትም ነው። "ጋሼ፣ ታዲያ የትኛውን እንመን?" አለኝ ተማሪው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ የተሳሳትነው

ቼዝ ተጫዋች ሁሉ የሚደጋግማት አባባል አለች፦ ኮምፒውተር በታክቲክ አይነካም፣ በአቋም ግን ደካማ ነው። ታክቲክ ስንል ሹካውን (አንድ እንጨት ሁለቱን በአንዴ ሲያስፈራራ)፣ መስዋዕቱን፣ በሦስት እርምጃ የሚመጣውን ማት (ንጉሡ ማምለጫ አጥቶ ጨዋታው ሲያልቅ) ነው። አቋም ስንል ደግሞ የትኛው ካሬ ይጠቅማል፣ የትኛው ወታደር ሸክም ነው፣ የትኛው ፈረስ ቤቱን አግኝቷል የሚለውን ነው። እኛም በዚህ አባባል ተነሳን። የድሮው ታክቲከኛ፣ አዲሱ ደግሞ አቋም አዋቂ ይሆናል ብለን ሁለቱን ልናወዳድር ተቀመጥን።

የመጀመሪያው ምሽት ልፋት ከንቱ ቀረ። ለስልኩም ለላፕቶፑም እኩል አንድ ደቂቃ ሰጠን። ትንሽ ቆይተን ስናስበው ያወዳደርነው ስልክና ላፕቶፕን እንጂ ፕሮግራሞቹን አልነበረም። ስለዚህ የድሮውንም ላፕቶፑ ላይ ጫንነው።

ከዚያ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያው አንድ ደቂቃ መብራት እያለና መብራት ሲጠፋ አንድ አይደለም። ስለዚህ በሰዓት መለካቱን ትተን በሚታዩ አቋሞች ብዛት መለካት ጀመርን። ሁለቱም "ይህን ያህል አቋም አይተህ መልስ" ይባላሉ። ይሄም የራሱ ጣጣ አለው። አዲሱ ፕሮግራም እያንዳንዱን አቋም ለመመዘን ብዙ ስለሚደክም በብዛት ሲለካ ይጠቀማል፤ በሰዓት ሲለካ ይጎዳል። መፍትሔው ሁለቱንም ማድረግ ነው። መብራት ሲኖር በሰዓት፣ ሳይኖር በብዛት።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ሰው ቤቱ ሲሞክረው እዚህ ላይ እንዳይወድቅ ነው። ብዙ ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ቋንቋ አይናገሩም

ትልቁ ግኝታችን ግን ከፈተናው በፊት መጣ። በድሮው ፕሮግራም አንድ ነጥብ ማለት በግምት የአንድ ወታደር ዋጋ ነው። ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ሲል ሦስት ወታደር ያህል እንደሚበልጥ እየነገረን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ስቶክፊሽ 15.1 ሲወጣ ይህ ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነጥብ ማለት ፕሮግራሙ ከአቻው ጋር ቢጫወት የማሸነፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው ማለት ነው። ዜሮ ነጥብ ስድስት ደግሞ ከግማሽ ያነሰ ዕድል ነው።

አንዱ በጣሳ ሰፈረ፣ ሌላው በኪሎ መዘነ። እኛ ደግሞ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጠን እንከራከራለን። ወንድምየው ስልኩን ሲያሳየን "ሦስት" የሚለው ቃል ውስጥ የማሸነፍ ተስፋ የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረው ሰሌዳው ላይ ያሉ እንጨቶች ቆጠራ ነው።

እነዚህን ሁለት እትሞች መምረጣችን ዕድለኞች አድርጎናል። ስቶክፊሽ 11 የወጣው በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ሲሆን አቋም የሚመዝንበት ሕግ በሙሉ በሰው እጅ የተጻፈ የመጨረሻው እትም ነው። በዚያው ዓመት መስከረም በወጣው 12ኛው እትም ላይ ግን ከብዙ ምሳሌ ራሱ የሚማር የነርቭ መረብ ገባበት። ይህን ዓይነቱን መረብ እ.ኤ.አ. በ2018 ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ዩ ናሱ የሚባል ጃፓናዊ ነው፤ የሠራውም ሾጊ ለሚባለው የጃፓን ቼዝ ነበር። መረቡ ሲገባ ፕሮግራሙ በሰከንድ የሚያያቸው አቋሞች ቀነሱ። ጥንካሬው ግን ጨመረ። ሠሪዎቹ ራሳቸው እንደገለጹት፣ 12 ከ11 ጋር በጥንድ በጥንድ፣ ማለትም ሁለት ሁለት ጨዋታ፣ እየተጫወቱ ሲገጥሙ የሚያሸንፋቸው ጥንዶች ከሚሸነፋቸው ቢያንስ አሥር እጥፍ ናቸው። የፍለጋው ዘዴ የአንድ ቤተሰብ ነው፤ የተለወጠው በዋናነት አመዛዘኑ ነው። እኛ ለማየት የፈለግነውም ይህንኑ ነበር።

24ቱ አቋሞች

ታክቲክንና አቋምን ለይቶ ለመፈተን የታወቀ ዘዴ አለ። ኢቫን ብራትኮና ዳኒ ኮፔክ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጡት ፈተና ነው። 24 አቋሞች አሉት። 12ቱ የታክቲክ፣ 12ቱ ደግሞ የወታደር ግፊት፣ ማለትም የተቃራኒውን ሰልፍ በወታደር መስበር ናቸው። ለእያንዳንዱ 2 ደቂቃ ይሰጣል።

የመጀመሪያውን አቋም ሰሌዳችሁ ላይ ደርድሩት፤ ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ይነግራል። ነጭ፦ ንጉሥ ሲ1፣ ንግሥት ኢ3፣ ሩክ ኤፍ7፣ ቢሾፖች ሲ4ና ኤፍ2፣ ወታደሮች ኤ2፣ ቢ2፣ ሲ2። ጥቁር፦ ንጉሥ ቢ8፣ ንግሥት ዲ6፣ ሩክ ዲ8፣ ቢሾፕ ዲ7፣ ወታደሮች ኤ7፣ ቢ7፣ ኢ5፣ ጂ6፣ ኤች6። ተራው የጥቁር ነው። ንግሥቱን ዲ1 ላይ ወስዶ በቼክ ይሰዋታል። ንጉሡ ከመብላት ሌላ ምርጫ የለውም። ከዚያ ቢሾፑ ወደ ጂ4 ሲወጣ ከቢሾፑም ከኋላው ካለው ሩክም ቼክ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ንጉሡ ሲ1ም ይሂድ ኢ1፣ ሩኩ ዲ1 ላይ ወርዶ ማት ያደርገዋል። ልጆቹ ሲያዩት ጮኹ። አንዷ ሦስት ጊዜ ደግማ ሠራችው።

የሁለቱን ወገን እርምጃ ለየብቻ ብንቆጥር አምስት ነው። አምስት የሚያህል ወደፊት የሚያይ ፕሮግራም ስለ ቼዝ ምንም ባያውቅ እንኳ ያገኘዋል፤ ማት ማት ነው፣ ምዘና አይፈልግም። ሁለቱም እትሞች ጣታችንን ከቁልፉ ሳናነሳ መለሱ። እዚህ ጥያቄ ላይ ማን ይበልጣል ብሎ መጠየቅ ዛሬ ትርጉም የለውም።

ሁለተኛው አቋም ሌላ ዓለም ነው። ነጭ፦ ንጉሥ ኤፍ2፣ ሩኮች ሲ1ና ሲ3፣ ፈረስ ቢ3፣ ወታደሮች ኤ4፣ ዲ4፣ ኢ4፣ ኤፍ4፣ ጂ4፣ ኤች5። ጥቁር፦ ንጉሥ ኤፍ8፣ ሩኮች ዲ8ና ዲ6፣ ፈረስ ኢ7፣ ወታደሮች ኤ5፣ ቢ6፣ ሲ6፣ ኤፍ7፣ ጂ7፣ ኤች6። ተራው የነጭ ነው፣ መልሱም ወታደሩን ከዲ4 ወደ ዲ5 መግፋት ነው። ወታደር መስጠት ይመስላል። ጥቁር በሲ ወታደሩ ሲበላ ግን የኢ ወታደር ወደ ኢ5 ይገፋና ዲ6 ላይ ያለውን ሩክ ያስፈራራዋል። የሲ መስመር ለሁለቱ የነጭ ሩኮች ይከፈታል። ዲ4 ባዶ ቀርቷል፣ ፈረሱ እዚያ ገብቶ ይቀመጣል። ማት የለም። የተበላ ንግሥትም የለም። ያለው ኑሮው የተሻለ ፈረስ ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱ ፕሮግራሞች ይለያዩ ጀመር። የድሮው ሐሳቡን ይለዋውጣል፤ ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ምርጫው ይቀያየራል። አዲሱ ቶሎ ይረጋጋል። ነገር ግን በመጀመሪያውና በሁለተኛው ምርጫ መካከል ያለው ልዩነት በጣም ጠባብ ነው። ፈተናው "ትክክል" ወይም "ስህተት" ብሎ ብቻ ስለሚያርም፣ ለጥቂት የሳተና ጭልጥ ብሎ የሳተ እኩል ዜሮ ያገኛሉ። በዚህ በኩል ኋላ የመጣው ስዋሚናታንና ኮርቢት ያዘጋጁት የስልት ፈተና ይሻላል። 15 ርዕስ አለው፣ በእያንዳንዱ 100 አቋም፣ በድምሩ 1500። ከዋናው መልስ ሌላ ለተቀራራቢ እርምጃዎችም ከፊል ነጥብ ይሰጣል። የአቋም ዕውቀትን መለካት ካለብን እንዲህ ነው እንጂ በአዎና በአይደለም አይሆንም።

ከዚህ የተረዳሁት ነገር ያቺን የተለመደች አባባል ሰበረብኝ። ታክቲክና አቋም በፕሮግራም ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጡንቻዎች አይደሉም። ፕሮግራሙ ያለው ማየትና መመዘን ነው። ሩቅ ካየ፣ ደካማ ምዘና ይዞም አቋም አዋቂ ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን በገጠመበት ውድድር ሁለተኛው ጨዋታ ላይ የሆነው ይሄ ነው። በሰከንድ 200 ሚሊዮን አቋም የሚያይ ማሽን ወታደር መልቀም እየቻለ ተወውና ቢሾፑን ወደ ኢ4 አንቀሳቅሶ የተቃራኒውን ተስፋ ዘጋ። ካስፓሮቭ ሰው ረድቶታል ብሎ እስኪጠረጥር ድረስ ደነገጠ። በተቃራኒው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 አልፋዜሮ የተባለው ፕሮግራም በሰከንድ 80 ሺህ አቋም ብቻ እያየ 70 ሚሊዮን የሚያየውን ስቶክፊሽ 8ን በ100 ጨዋታ ገጥሞ 28 አሸንፎ 72 እኩል ወጣ። አንድም አልተሸነፈም። ብዙ የሚያየው በጥቂት በሚያየው ተበለጠ፤ ጥቂት የሚያየው ያየውን በደንብ መዝኗልና።

የአልፋዜሮን መንገድ የሚከተለውን ሊላ ቼስ ዜሮ የሚባል ፕሮግራም መሞከር አምሮን ነበር። ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። የተማሪው ላፕቶፕ ያ የለውም፤ ተውነው።

በር የሌለው ግንብ

ወደ ልጁ ጨዋታ ልመለስ። የተቆለፈ አቋምን ፕሮግራሞቹ እንዴት እንደሚያዩት ለመረዳት አንድ የጠራ ምሳሌ ሠራሁ። ነጭ ወታደሮቹን ኤ4፣ ቢ5፣ ሲ4፣ ዲ5፣ ኢ4፣ ኤፍ5፣ ጂ4፣ ኤች5 ላይ ያደርጋል። ጥቁር ኤ5፣ ቢ6፣ ሲ5፣ ዲ6፣ ኢ5፣ ኤፍ6፣ ጂ5፣ ኤች6 ላይ። ነጭ ከዚህ ሌላ ያለው ኢ2 ላይ የቆመ ንጉሥ ብቻ ነው። ጥቁር ግን ንጉሡን ኢ7 ላይ፣ ሁለት ሩኮች ደግሞ ኤ8ና ኤች8 ላይ አለው።

ወታደር የሚገፋ የለም። ወታደር የሚበላ የለም። ሩኮቹ በየትኛውም መስመር ቢወርዱ የራሳቸውን ወታደር ይጋጫሉ። ንጉሦቹ የሚሻገሩበት ካሬ ሁሉ በተቃራኒው ወታደር ይመታል። ጥቁር ሁለት ሩክ ይዞ አንዲት ቼክ መስጠት አይችልም። ከልጆቹ አንዷ በጣቷ አጥሩን ከኤ እስከ ኤች ተከተለችውና "ጋሼ፣ የፋሲል ግቢ እንኳ 12 በር አለው፤ ይሄ አንድም የለውም" አለች። ለማወቅ የፈጀባት ጊዜ ጣቷ ሰሌዳውን የሚያቋርጥበት ብቻ ነው።

የድሮው ፕሮግራም ጥቁር በሰፊው እያሸነፈ ነው አለ። አዲሱም ቶሎ ዜሮ አላለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፕሮግራሙ በየትኛውም መንገድ ወደፊት ቢሄድ መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ያው ሁለት ትርፍ ሩክ ነው። እኩል መሆኑ በቁጥር የሚታየው ምንም ሳይበላና ወታደር ሳይገፋ ከሁለቱም ወገን 50፣ 50 እርምጃ ሲያልፍ ነው። ያ ማለት 100 ግማሽ እርምጃ ነው። ያን ያህል ሩቅ ሊያይ ይከብደዋል። "እዚህ መግቢያ የለም" ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያስብበት ቦታ የለውም።

የድሮው እትም ለማስተማር የሚመች አንድ ነገር አለው። "ኢቫል" የሚል ትእዛዝ ሲሰጠው ምዘናውን በሠንጠረዥ ዘርዝሮ ያወጣል፦ የእንጨቶቹ ዋጋ፣ እንቅስቃሴ፣ የንጉሥ ደኅንነት፣ ያለፉ ወታደሮች፣ ስፋት። የልጁን አቋም ሰጠነው። የጥቁሩ ብልጫ በሙሉ ማለት ይቻላል በአንዱ መስመር ላይ፣ በእንጨቶቹ ዋጋ ላይ ነው ያለው። ሩኩ ይቆጠራል፤ ሩኩ የትም እንደማይሄድ የሚናገረው መስመር ግን በጣም ትንሽ ነው። "ሁለት ነጥብ ዘጠኝ" ከየት እንደመጣ ያኔ በዓይናችን አየነው።

የቀረው ማጫወት ነበር። የልጁን አቋም ይዘን ሁለቱን ፕሮግራሞች እርስ በርስ አጋጠምናቸው፤ አንዴ የድሮው ጥቁር፣ አንዴ አዲሱ ጥቁር። ስድስት ጨዋታ አደረግን። አምስቱ እኩል ወጡ። ስድስተኛው ላይ የሆነውን ግን አልረሳውም። የድሮው ጥቁሩን ይዟል። ሩኩ ኤች መስመር ላይ ይመላለሳል፣ ይመላለሳል። 50ኛው እርምጃ ሲቃረብ ቁጥሩ ይወርድ ጀመር። ልክ ሊደርስ ሲል ሩኩን ለአንድ ወታደር ሰጠና ሰሌዳውን ከፈተው። ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ተጀመረ፣ ቢሾፑ ግን ወጣ። ከሃያ እርምጃ በኋላ የድሮው ተሸነፈ። አሁንም እበልጣለሁ ብሎ ስለሚያምን እኩልን መቀበል እንቢ አለው። ስቶክፊሽ 11 ላይ እኩልነትን እንዲሸሽ የሚያደርግ ትንሽ ማስተካከያ ማንም ሳይነካው ከመጀመሪያው አለ፤ ያም ገፍቶታል ብዬ አስባለሁ።

ልጁ ያልሠራው ስህተት ይሄ ነው። ሩኩን ሳይጥል እጁን ዘረጋ።

አያቶቻችን ይጫወቱት በነበረው ሰንጠረዥ፣ ማለትም በቀድሞው የአገራችን ቼዝ፣ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል ጊዜ ነበር። የመጀመሪያው እንጨት እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ሰልፋቸውን ያደራጁ ነበር። የሚሰላ ማት የለም። ያለው አቀማመጥ ብቻ ነው። አቋም ማለት ምን እንደሆነ ለልጆች ሳስረዳ አሁን አሁን ከዚያ ነው የምጀምረው።

የአሠራር ለውጥም አድርገናል። ታክቲክ ለመፈተሽ የትኛውም እትም ይበቃናል። ፍርድ ስንፈልግ አዲሱን እንጠይቃለን፣ ቁጥሩንም እንደ ዕድል እናነበዋለን። የድሮውን ግን አላጠፋነውም፤ ሠንጠረዡ ያስተምራል። አቋሙ ከተቆለፈ ደግሞ መጀመሪያ በጣታችን አጥሩን እንከተላለን፣ ቀጥሎ ፕሮግራሞቹን ከሁለቱም ወገን እናጫውታለን። ወንድምየውን አስጠርቼ ይህን ሁሉ አሳየሁት። ስድስተኛውን ጨዋታ ሁለት ጊዜ አየው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሁለቱ አብረው መጡ። እኔ ምንም አላልኩም። ያንን 8 ለ8 የተቆለፈ ሰሌዳ ደረደርኩ። ታናሹ ነጩን ንጉሥ፣ ታላቁ ሁለቱን ሩኮች ያዘ። ታላቁ ሩኩን ከኤ8 ወደ ቢ8፣ ከቢ8 ወደ ሲ8 ወሰደ። ታናሹ ንጉሡን ከኢ2 ወደ ዲ2፣ መልሶ ወደ ኢ2። ቡናው ሁለተኛው ደርሶ ነበር። ታላቁ ሌላኛውን ሩክ ነካ፣ ተወው፣ እንደገና ነካው። ከዚያ ቀና ብሎ ወንድሙን አየና እጁን ዘረጋ።

"እኩል?" አለው።